ክሎሪን የሚያቃጥለው ጀርም ብቻ አይደለም

ካኩማ ውስጥ ኮሌራ ገባ ሲባል መጀመሪያ የሚፈለገው ሽንት ቤትና የታመመ ሰው የተኛበትን ቤት በክሎሪን የሚያጸዳ ሰው ነው። ሠራተኞቹ የእኛው እናቶችና ወንድሞች ናቸው። አንዲት ተማሪዬ «እማዬ ከሥራ ስትመጣ ሌሊቱን ሙሉ ታስላለች» ብላኛለች። እሷን የመሰሉ ብዙ ስለሆኑ ነው ይህን የምጽፈው።

ክሎሪን ጀርሙን የሚገድለው አካሉን አቃጥሎ ነው። የእኛን ቆዳ፣ ዓይንና ሳንባም ለይቶ አይተውም። ስለዚህ «ሲበዛ ይበልጥ ያጸዳል» የሚባለው ስህተት ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፦

- ለእጅ መታጠቢያ 14 ግራም ገደማ (0.05 በመቶ)
- ለወለልና ለዕቃ 60 ግራም ገደማ (0.2 በመቶ)
- ለትውከት፣ ለተቅማጥና ለአስከሬን 600 ግራም ገደማ (2 በመቶ)

የመጨረሻው ከእጅ መታጠቢያው 40 እጥፍ ይበረታል። ጀሪካኑ ላይ ካልተጻፈበት ሰው ሊታጠብበት ይችላል።

ስትበጠብጡ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ይሁን። መጀመሪያ ውሃውን ቅዱ፣ ዱቄቱን ከዚያ ጨምሩ፤ ገልብጣችሁ ውሃ ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ፣ ሊፈናጠር ይችላል። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ መነጽር፣ ሽርጥና ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል። የጨርቅ ማስክ ጋዙን አያቆምም፤ የሚያድናችሁ የተከፈተ በርና ነፋስ ነው። ክሎሪንን ከኮምጣጤም ሆነ አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያጸዳን ሰው ቀድሞ የሚያገኘውም ለዚህ ነው።

ቆሻሻው መጀመሪያ ይጠረግ፤ ቆሻሻ የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋል። ከዚያ በጨርቅ አብሱት እንጂ በመርጫ አትርጩ። ሰው ላይ መርጨትማ ጨርሶ አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አይመክርም።

ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ሳታቋርጡ እጠቡ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አውልቁና ገላችሁን ታጠቡ። ትንፋሽ ካጠረ ሰውየውን ወደ ደጅ አውጡትና ክሊኒክ ውሰዱት። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አታስገድዱ።

የሚከብደው ሌላ ነው። ጓንት አልቆ «ዛሬን እንደምንም ሥሩ» ሲባል፣ ያቺ ትንሽ ክፍያ እንዳትቀር ብሎ ዝም የሚል ብዙ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ለብቻ ከመከራከር በቡድን ሆናችሁ ጠይቁ፣ ለብሎክ መሪውም አሳውቁ። ጓንት መጠየቅ ሥራ እምቢ ማለት አይደለም። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ልጆቻቸው ይህን ያንብቡላቸው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ልኬቱን የሂሳብ ጥያቄ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ።