አይ.ኤስ.ኦ የጤና ምስክር ወረቀትን አይተካም
በካርቱም አል-ሳሃፋ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ የከብት ነጋዴ፣ አይ.ኤስ.ኦ 9001 የሥራ አመራር ሰርተፊኬት ቢኖረውም የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለው በጎቹ ከሱዋኪን ወደብ አይነሱም። በ2012 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በመርከብ የደረሱ የሱዳን በጎችን የመለሰችው፣ ለስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ያላቸው የመከላከል አቅም አነስተኛ ነው ብላ ነው።

ታዲያ ለምን ይደከማል? ለመዝገቡ። መንጋው ከየት ተገዛ፣ መቼ ተከተበ፣ በየትኛው መኪና ተጫነ? መስፈርቱ ሰነድ በደህና እንዲጠበቅም ያዝዛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ፣ መዝገቡን አንድ መሳቢያ ውስጥ ብቻ የቆለፈ ሰው ምን ይዞ ይውጣ? ቅጂው መተማ ቢቀመጥ ምን ነበረበት!

ደላላ ግን ይጠርጠር። ጄኔቭ ያለው አይ.ኤስ.ኦ ራሱ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ የሚሰጡት እንደ ኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያሉ መዛኞች ናቸው። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው፤ መዛኙም በየዓመቱ መጥቶ መዝገቡን ያገላብጣል።