በቤት የተሠራ አውሮፕላን የነዳጅ ሥርዓት

በቤት የተሠራ አውሮፕላን የነዳጅ ሥርዓት ማለት አንድ ግለሰብ ለራሱ በሠራው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ቤንዚንን ከታንክ (መካኒኮች ሰልባቲዮ ከሚሉት) እስከ ሞተሩ የሚያደርሱ ክፍሎች ስብስብ ነው። ዋና ዋናዎቹ ታንክ፣ የአየር መተንፈሻ፣ ማጣሪያ፣ ቱቦ፣ የታንክ መምረጫ ቫልቭ፣ ፖምፕና የነዳጅ መለኪያ ናቸው።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ አውሮፕላን «የሙከራ» በሚባለው ምድብ ይመዘገባል፤ ለዚህም አብዛኛውን ሥራ ግለሰቦች ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲሉ የሠሩት መሆን አለበት። በፋብሪካ ለሚመረቱ አውሮፕላኖች የወጣውን የንድፍ ደንብ እንዲያሟላ አይገደድም። ስለዚህ ቱቦው በየት እንደሚያልፍና ቫልቩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሠሪው ራሱ ነው።

የአቀራረብ ዓይነቶች

ክንፉ ከላይ በሆነ አውሮፕላን ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ነዳጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የቤንዚን ዓምድ 7 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ይህም ለብዙ ተራ ካርቡሬተሮች ይበቃል። በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ሁለቱን የክንፍ ታንኮች በአንድ ጊዜ መክፈት ይቻላል።

ክንፉ ከታች ሲሆን ግን ነዳጁን ወደ ላይ የሚስብ ፖምፕ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ አንዱ ፖምፕ በሞተሩ፣ መጠባበቂያው ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሠራል። እዚህ ላይ ሁለቱን ታንኮች አንድ ላይ መክፈት አደገኛ ነው፤ አንደኛው ቀድሞ ካለቀ ፖምፑ ከሌላው ቤንዚን ከመሳብ ይልቅ ከባዶው አየር ይስባል። በዚህ ምክንያት ቫልቩ «ግራ»፣ «ቀኝ» እና «ዝግ» የሚሉ ቦታዎች ብቻ ይኖሩታል፤ አብራሪውም በበረራ ላይ ታንክ መቀያየር ግድ ይሆንበታል።

የፍሰት መጠን

አንድ የተለመደ የአውሮፕላን ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.23 ኪሎ ግራም ገደማ ቤንዚን ይፈጃል። ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር በዚህ ስሌት በሰዓት 23 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 32 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በተለመደው የንድፍ መመዘኛ፣ በክብደቱ የሚወርድ ሥርዓት የዚህን 150 በመቶ (48 ሊትር)፣ በፖምፕ የሚሠራ ደግሞ 125 በመቶ (40 ሊትር) ማሳለፍ አለበት።

ይህ በስሌት ብቻ አይታመንም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ አፍንጫው ሽቅብ እንደሚወጣ ያህል ቀና ይደረጋል፤ በታንኩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ይተዋል፤ ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተፈትቶ ወደ መለኪያ ዕቃ ይቀዳል። በክብደቱ የሚወርደው ሥርዓት አንድ ሊትር በ75 ሴኮንድ፣ ባለ ፖምፑ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መሙላት ይኖርበታል።

አየር፣ ውሃና ሙቀት

ነዳጁ ሲቀንስ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ ሄዶ ፍሰቱ ይቆማል። ስለዚህ መተንፈሻው ነፍሳት እንዳይዘጉት ይጠበቃል።

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። በታንኩና በሥርዓቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማፍሰሻ ተደርጎ ከበረራ በፊት ይፈተሻል።

በሞተሩ አካባቢ ያለው ሙቀት ደግሞ ቤንዚኑን በቱቦ ውስጥ ወደ ትነት ሊለውጠው ይችላል፤ አረፋውም ፍሰቱን ያቋርጣል። መከላከያው ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ በሙቀት መከላከያ መሸፈንና መጠባበቂያውን ፖምፕ ለታንኩ ቅርብ ማድረግ ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን አንዳንድ ጎማዎችንና ታንክ የሚሠራባቸውን ሙጫዎች ሊያበላሽ ስለሚችል አስቀድሞ ይጣራል።

የቫልቩ ቦታና የ1997 አደጋ

ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1997) አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ሎንግ-ኢዜድ በተባለ አውሮፕላን ብቻውን ሲበር በካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ንድፉን ያወጣው በርት ሩታን ሲሆን፣ በእርሱ ንድፍ የታንክ መምረጫው እጀታ በአብራሪው እግሮች መካከል ነበር። የዚህ አውሮፕላን ሠሪ ግን የነዳጅ ቱቦ በአብራሪው ክፍል እንዳያልፍ ብሎ እጀታውን ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አደረገው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደደመደመው፣ አብራሪው እጀታውን ለማዞር ሲሞክር ትኩረቱ ተከፈለ፤ ሳያስበውም የቀኙን መሪ ፔዳል ረግጦ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃተው። ቦርዱ ከአደጋው መንስኤዎችና ከአስተዋጽኦ ምክንያቶች መካከል ከበረራው በፊት ነዳጅ አለመሞላቱን፣ እጀታው ለመድረስ አስቸጋሪና ምልክት የሌለው መሆኑን፣ በነዳጅ መለኪያዎቹም ላይ ምልክት አለመኖሩን እንዲሁም ለአውሮፕላኑ የተደረገው የልምምድ ሥልጠና በቂ አለመሆኑን ጠቅሷል።

ነዳጅን ከሰው ማራቅ በራሱ ጥሩ ዓላማ ነው። ነገር ግን ቫልቩን ከእጅ ካራቀ ሌላ አደጋ ይፈጥራል። ስለዚህ የሥርዓቱ ንድፍ የሚያልቀው በቱቦና በፖምፕ አይደለም፤ አብራሪው ቀበቶውን እንደታጠቀ፣ ፊቱን ሳያዞርና መሪውን ሳይለቅ እጀታውን መድረስ፣ በየትኛው ታንክ እንደሚበርና ምን ያህል እንደቀረውም ማንበብ መቻሉ እንደ ፍሰቱ ሁሉ መሬት ላይ ይፈተናል።