ጆሮ ላይ ዘፈን፣ እጅ ላይ ደብተር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ኢርፎኑን ሰክቶ፣ ጉልበቱ ላይ የባዮሎጂ ደብተር ዘርግቷል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ያለ ዘፈን ጥናት አይገባኝም» አለኝ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹን ስንጨርስ ደብተሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ያው ገጽ ላይ ነው። ከንፈሩ ግን ዘፋኙን አንድ ስንኝ ሳይስት ይከተላል።

አልሳቅኩበትም፤ እኔም ስጽፍ የምሰማው የዘፈን ቃል ጽሑፌ ውስጥ ገብቶ ያገኘሁበት ቀን አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስናነብ ቃላቱን በውስጣችን እናሰማቸዋለን። በምናውቀው ቋንቋ የተዘፈነ ዘፈን ሲጨመር ሁለቱ አንድ በር ላይ ይጋፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳላሜ እና ባድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ያዩዋቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል እንዲያስታውሱ አድርገው ነበር። ግጥም ያለው ዘፈን፣ በመሣሪያ ብቻ ከሚጫወተው ሙዚቃ ይልቅ ማስታወሳቸውን አውኮታል።

«ሞዛርት መስማት ጎበዝ ያደርጋል» ሲባልስ? ወሬው የመጣው በ1993 በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። 10 ደቂቃ ሞዛርት የሰሙት በአንድ ዓይነት ፈተና ተሻሉ፤ ጥቅሙ ግን ከሩብ ሰዓት አላለፈም። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ምስጢሩ ሞዛርት ሳይሆን መነቃቃትና ጥሩ ስሜት ነው።

ወጥመዱም እዚህ ጋ ነው። የምንወደው ዘፈን ደስ ያሰኘናል፤ ደስ ሲለን ደግሞ ጥናቱ የገባን ይመስለናል። ደስ ማለትና መግባት ግን ለየቅል ናቸው።

ለፈጠራ ሥራስ? በ2017 የወጣ ጥናት ደስ የሚል ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች በዝምታ ከሠሩት የበለጠ አዳዲስ ሐሳብ እንዳፈለቁ አሳይቷል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሦስት ቃላትን የሚያገናኝ አንድ ቃል መፈለግ ላይ ማንኛውም ሙዚቃ፣ የለመዱትም ቢሆን፣ እንቅፋት መሆኑን አገኘ። ሐሳብ ለመበተን ዘፈን ይረዳል፤ አንዱን መልስ ለመያዝ ግን ዝምታ ይሻላል ማለት ነው።

ይህን ገበሬዎቻችን ያለ ጥናት ያውቁታል። አጨዳና አረም በወንፈል ሲሠራ ይዘፈናል፤ እጅ ሥራውን ስለሚያውቀው ዘፈኑ ምት ይሰጣል፣ ድካም ያስረሳል። በድንበር ጉዳይ ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን ዘፋኝ የሚጠራ የለም።

ስለዚህ ዘፈኑን አጥፉ ሳይሆን ቦታ ስጡት ነው የምላችሁ። ከጥናት በፊት 10 ደቂቃ የምትወዱትን ስሙ። ልብስ ስታጥቡ፣ ክፍል ስትጠርጉ ልቀቁት። ስታነቡና ስትሸመድዱ ግን አጥፉት። ዝምታው ከከበዳችሁ ቃል የሌለውን፣ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» አብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ለመንዳቱም ለሙዚቃውም የየራሱ ሰዓት ነበረው።

ጎረቤላ ስንደርስ ልጁን «ያ ገጽ ስለ ምንድነው?» አልኩት። ኢርፎኑን አውልቆ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ጋሼ፣ ዘፈኑን ልንገርህ?»

ፈተና አዳራሽ ግን ኢርፎን አይገባም። እዚያ የሚጠየቀውም ዘፈኑን አይደለም።