የዉስተርን ጥላ የበላው ጢንዚዛ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ፣ አንዲት የግሪንዴል ሰፈር ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ግቢያቸው ውስጥ ያዩትን እንግዳ ጢንዚዛ ለባለሥልጣናት አሳወቁ። የእስያ ባለረጅም ቀንድ ጢንዚዛ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ልብ ያለው ሰው ሳይኖር ሲራባ ከርሟል።

ጢንዚዛው ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ቀንዶቹ ከአካሉ ይረዝማሉ። እንስቷ የዛፉን ቅርፊት በመንጋጋዋ ቦርቡራ እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች። እጩ በመጀመሪያ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን፣ ምግብ የሚያመላልሰውን ሥጋ ይበላል፤ ከዚያ ወደ ግንዱ ውስጥ ይዘልቃል። አንድ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ጢንዚዛ ሆኖ ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ግንዱ ሥር የተከመረ ሰጋቱራ ካዩ ቤተኛ ሆኗል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ጥፋተኛ ሩቅ መብረር አይወድም፤ ብዙውን ጊዜ ከተወለደበት ዛፍ ብዙም አይርቅም። ውቅያኖስ ያሻገረው ሰው ነው። ከቻይና በሚላኩ ዕቃዎች ማሸጊያ እንጨት ውስጥ እጩ ተሸሽጎ ተጓዘ፤ በ1996 ኒው ዮርክ፣ በ1998 ቺካጎ ውስጥ ተገኘ። ከከተማ ከተማ ደግሞ ማገዶ ያዛምተዋል።

ዉስተርም ድግሱን ደግሳ ነበር የጠበቀችው። የ1953ቱ አውሎ ነፋስ ዛፎቿን ከጣለባት በኋላ በብዛት የተከለችው ሜፕል ነው፤ ጢንዚዛው ደግሞ ከሜፕል የሚያስበልጠው የለም። ግንድ ውስጥ የገባ እጭ ላይ መድኃኒት ስለማይደርስ የተያዘ ዛፍ ይቆረጣል፣ ይፈጫል። ጤነኛም ቢሆን ለአደጋ የተጋለጠ ብዙ ዛፍ አብሮ ወደቀ። ከ30 ሺህ በላይ ዛፎች ሲቆረጡ፣ የሰፈሩ ሰው በበጋ ሙቀት ጥላ አጣ፣ ለቤቱ ማቀዝቀዣም ብዙ መብራት ይከፍል ጀመር።

መጋዙ ግን ከንቱ አልቀረም። ቺካጎ በ2008፣ ኒው ጀርሲ በ2013 ከጢንዚዛው ነጻ መሆናቸው ታውጇል። ቀርፋፋነቱ ለሰው ጊዜ ሰጥቷል። በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርትም ማሸጊያ እንጨት እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲያገኝ ወይም በሌላ የተፈቀደ ዘዴ እንዲታከም ያዛል።

ይህ የወደብን በር ይጠብቃል። የከተማውን ጎዳና የሚጠብቀው ግን ችግኝ ሲመረጥ የሚወሰነው ውሳኔ ነው። ዉስተር ዳግም ስትተክል ዝርያ አቀላቅላለች፤ ይህንን ከ1953 በኋላ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ጢንዚዛው ቢመጣም ሰፈሩን ሙሉ ባላራቆተ ነበር።