የሞተር ዘይት መቼ ይለወጥ?
ለትራክተር፣ ለውኃ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ

መግቢያ

በአዊ ዞን የእርሻው ሥራ ዛሬም በአብዛኛው በበሬ ጉልበት የሚከናወን ቢሆንም፣ ሞተር በገበሬው ኑሮ ውስጥ የያዘው ስፍራ እየሰፋ ሄዷል። በዳንግላ ዙሪያ ከጉድጓድና ከወንዝ ውኃ የሚስቡ ትናንሽ ፓምፖች አሉ። መብራት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች እህሉ የሚፈጨው በናፍታ ወፍጮ ነው። በቆላው በጃዊ ደግሞ ሰፋፊ ማሳዎች በትራክተር ይታረሳሉ። ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ በሥራ ወቅት ቢቆም ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማሳው ሳይዘራ፣ ሽንኩርቱ ሳይጠጣ፣ ቤተሰቡም ዱቄት ሳያገኝ ይቀራል።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ደጋግሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ዘይቱ በስንት ጊዜ ይለወጥ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ዘይት የሚለወጠው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ተቆጥሮ ነው። ሰዓቱን ለማወቅ ደግሞ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የዘይት ሥራና እርጅናው

ዘይት በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያለሰልሳል፤ የውኃው ማቀዝቀዣ የማይደርስበትን ክፍል ያቀዘቅዛል፤ ጥቀርሻን አጥቦ ይይዛል፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ከዝገትም ይከላከላል። ይህን ሥራ እንዲችል የሚጨመሩበት ቅመሞች ግን ከአገልግሎት ጋር ያልቃሉ። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው አሲድና ውኃ፣ ጥቀርሻውና ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይገባሉ። ዘይቱ በዚህ ሁኔታ ከቆየ ብረቱን ከመጠበቅ ይልቅ መብላት ይጀምራል።

ብዙ ኦፕሬተሮች ዘይቱን በጣታቸው አሽተው ቀለሙን በማየት ለመወሰን ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ በናፍታ ሞተር አዲስ ዘይት ከተጨመረ በኋላ በጥቂት ሰዓት ሥራ ይጠቁራል። መጥቆሩ ጥቀርሻውን አጥቦ መያዙን እንጂ ማርጀቱን አያመለክትም። አሲዱ ደግሞ በዓይን አይታይም። እንዲሁም የጎደለውን እየሞሉ መቀጠል መለወጥ አይደለም፤ አዲሱ ዘይት ከአሮጌው አተላ ጋር ተቀላቅሎ አብሮት ይበላሻል።

ስንት ሰዓት?

ዋናው መመሪያ ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከሌለ የሚከተለውን መጠቀም ይቻላል።

1. ትራክተር፦ እንደ ማሲ ፈርጉሰንና ቤላሩስ ባሉት የተለመዱ ትራክተሮች በየ250 ሰዓቱ ዘይቱና ፊልትሮው አብረው ይለወጣሉ። በቀድሞዎቹ የቤላሩስ ሞተሮች ላይ ያለው ማጣሪያ በመሽከርከር ቆሻሻውን የሚለይ በመሆኑ፣ በዘይት ለውጡ ጊዜ ተፈቶ ይታጠባል።
2. ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተር (ወፍጮ፣ ፓምፕ፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር)፦ በየ100 ሰዓቱ።
3. ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ፦ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው።
4. አዲስ ወይም ተጠግኖ የገባ ሞተር፦ የመጀመሪያው ለውጥ ቀድሞ ይደረጋል። ለቤንዚን ፓምፕ በ20፣ ለናፍታ ሞተር በ50 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ብረቶቹ ሲለማመዱ የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ መውጣት አለበትና።

እነዚህ ቁጥሮች በቀን ሲመነዘሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ያጥራሉ። በቀን 8 ሰዓት የሚያርስ ትራክተር 250 ሰዓቱን በ31 ቀን ይጨርሳል። በቀን 6 ሰዓት የሚፈጭ ወፍጮ 100 ሰዓት የሚሞላው በ17ኛው ቀን ነው። በበጋ መስኖ በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ ፓምፕም በ25 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ «በዓመት ሁለት ጊዜ» የሚለው ልማድ ወፍጮንና ፓምፕን የሚያበላሽ ልማድ ነው። ትንሹ ሞተር ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለው፤ የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ የቤንዚን ፓምፖችም የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። ዘይቱ የሚረጨው በውስጥ ባለ ማንኪያ መሰል ብረት ስለሆነ፣ ፓምፑ በወንዝ ዳር ተጋድሎ ሳይሆን በደልዳላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

የአካባቢው ሁኔታ

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነዳጁ ለከፍታው ካልተስተካከለለት ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ከጥቀርሻውም ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይገባል። በብርድ ማለዳ ተነሥቶ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ደግሞ በውስጡ ውኃ ያጠራቅማል። በቆላውና በበጋው ወራት ጉዳቱ ከአቧራ ነው። ስለሆነም ጭስ በሚያበዛ፣ በከባድ አቧራ ውስጥ በሚሠራ ወይም አጫጭር ሥራ ብቻ በሚሠራ ሞተር የለውጡን ጊዜ በግማሽ ማሳጠር ይመከራል። የአየር ማጣሪያውም በየጊዜው መጽዳት አለበት፤ በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ አቧራ አዲሱን ዘይት ወዲያውኑ ሞረድ ያደርገዋል።

ሰዓት ቆጣሪው ከተበላሸ

በብዙ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው ተበላሽቶ ይገኛል፤ በፓምፕና በወፍጮም ላይ ብዙውን ጊዜ አይኖርም። በዚህ ጊዜ ነዳጁ ቆጣሪ ይሆናል። ሞተሩ በአንድ የሥራ ቀን የጨረሰው ነዳጅ ተለክቶ ለሠራበት ሰዓት ይካፈል። ለምሳሌ አንድ ትራክተር በ8 ሰዓት 40 ሊትር ቢጨርስ በሰዓት 5 ሊትር ማለት ነው። በ250 ሰዓት 1,250 ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ስድስት ጊዜ ሲያልቅ ለውጡ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ዘዴ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ሥራው ሲከብድ ነዳጁ ቶሎ ስለሚያልቅ ለውጡም አብሮ ይፈጥናል።

አለዋወጡ

• ሞተሩን አሙቆ በደልዳላ ቦታ ማጥፋት፤ ለብ ያለ ዘይት አተላውን ይዞ ይወርዳል።
• የማፍሰሻውን ቡሎን ፈትቶ ዘይቱን እስኪንጠፈጠፍ ወደ ጀሪካን መገልበጥ።
• ፊልትሮውን መለወጥ፤ የአዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ።
• ለናፍታ ሞተር የተመረተ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ዘይት በልኩ መሙላት። ለብርዱም ለሙቀቱም የሚስማማው 15ደብልዩ-40 በአብዛኛው ሞተር ላይ ይሠራል።
• ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ፍሳሽ መኖሩን ማየት፤ አጥፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ በመለኪያው ዘንግ ማረጋገጥ። ከልክ ማለፍም እንደ መጉደል ይጎዳል።

ለወራት የሚቆም ሞተር ከመቆሙ በፊት ዘይቱ ይለወጥ እንጂ አሲድ የያዘ ዘይት በውስጡ አይከርም።

መዝገብና ኃላፊነት

በማኅበር ሞተር ላይ ዋናው ችግር የዕውቀት ብቻ አይደለም። ኦፕሬተሩ የሚከፈለው በታረሰው ሄክታር ከሆነ፣ ለዘይት ለውጥ የሚያቆመው ግማሽ ቀን ከራሱ ገቢ ይጎድላል፤ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ከፋዩ ማኅበሩ ነው። ስለዚህ የለውጡ ቀን እንደ ሥራ ቀን ተቆጥሮ ይከፈለው። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይኑር፤ በየዕለቱ ቀኑ፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተሞላው ነዳጅና የተጨመረው ዘይት ተጽፎ ኦፕሬተሩ ይፈርምበት። ቀጣዩ ለውጥ የሚደርስበት ሰዓት በሞተሩ ላይ በቀለም ይጻፍ። የልማት ሠራተኛው በጉብኝቱ ጊዜ አስቀድሞ ደብተሩን ይመልከት። ለእርሻው ወቅት የሚያስፈልገው ዘይትና ፊልትሮ ግንቦት ከመግባቱ በፊት በመጋዘን ሊገኝ ይገባል።

አሮጌውን ዘይት በመሬት ላይ ወይም በጉድጓድ አጠገብ ማፍሰስ የመጠጥ ውኃን ይበክላል፤ በከብት ቁስል ላይ መቀባትም ጎጂ ነው። በተከደነ ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ ክፍል ይሰጥ።

በፈረስ አያያዙ የታወቀው የአዊ ገበሬ ፈረሱን ከግልቢያ በፊት ምን እንደሚያበላ፣ ከግልቢያ በኋላም እንዴት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ሞተር ግን ሲደክም አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት ደብተሩ ነው። እስካሁን ደብተር ያልከፈተ ማኅበር ዛሬ የሞተሩን ዘይት ለውጦ፣ ቀኑን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፎ ይጀምር።