የእናቶችን ሕይወት የሚታደገው መርፌ ፈዋሽነቱን ማጣቱ በምን ይታወቃል?

ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ ለመከላከልና ለማከም በመላው ዓለም የሚሰጥ መርፌ ነው። መድኃኒቱ ግን ሙቀት አይስማማውም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ይመከራል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ጤና ጣቢያዎች ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም።

ይበልጥ አሳሳቢው ጉዳይ የተበላሸው መድኃኒት ከደኅናው በዓይን አለመለየቱ ነው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። አዋላጇ ጉዳዩን የምትረዳው የእናትየው ደም አልቆም ሲል ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን አስቀድሞ ከሚያሳዩ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ዋነኛው ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ይባላል።

ኦክሲቶሲን ፔፕታይድ ነው፤ 9 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሠሩት አጭር ሰንሰለት ማለት ነው። ሙቀት ሲያገኘው የሰንሰለቱ አሠራር ይለወጣል፤ አንዳንዱም እርስ በርሱ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ንጹሕ መድኃኒት ሳይሆን የተለያዩ ፔፕታይዶች ድብልቅ ነው።

ድብልቁ እንዴት ይለያል?

ከብልቃጡ የተወሰደው ናሙና ኮለም ወደተባለ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ወደሆነ የብረት ቱቦ ይገባል። ቱቦው ከዱቄት በላመ ሲሊካ የታጨቀ ነው። የሲሊካው ቅንጣቶች ባለ 18 ካርቦን፣ ቅባት መሰል ሰንሰለት ለብሰዋል።

ፓምፕ ውሃና አሴቶናይትራይል የተባለ ፈሳሽ ቀላቅሎ በከፍተኛ ግፊት በቱቦው ያሳልፋል። ውሃ የሚስማማቸው ፔፕታይዶች ቀድመው ይወጣሉ። ቅባት የሚስማማቸው ደግሞ ቅንጣቶቹን ይዘው ይቆያሉ፤ የአሴቶናይትራይሉ መጠን ሲጨምር ግን እነርሱም በየተራ ይለቃሉ።

በመውጫው ላይ ያለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን መመርመሪያ እያንዳንዱን ሲመዘግብ ኮምፒውተሩ ጉብታ ይሥላል። ጉብታው የታየበት ሰዓት የፔፕታይዱን ማንነት፣ ስፋቱ ደግሞ መጠኑን ይጠቁማል። ባለሙያዎች ውጤቱን ጥራቱ ከተረጋገጠ ኦክሲቶሲን ጋር ያነጻጽራሉ። የዋናው መድኃኒት ጉብታ አንሶ ሌሎች ከበዙ መርፌው ተበላሽቷል።

ምርመራው ግን ውድ መሣሪያ፣ ንጹሕ ኬሚካልና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። የሚመረመረውም ናሙና ብቻ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ያለውን እያንዳንዱን ብልቃጥ መፈተሽ አይቻልም።

በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሙቀት የሚቋቋመውን ካርቤቶሲን ዋጋው ተመጣጣኝ በሆነበት ሁኔታ ደም መፍሰስን ለመከላከል ከሚያገለግሉ አማራጮች አንዱ አድርጎታል። ለኦክሲቶሲን ግን ከፋብሪካ እስከ ማዋለጃ ክፍል ያልተቋረጠ ቅዝቃዜ አሁንም ግድ ነው።