አንኮበርን ለሚጎበኙ ቡድኖች የአካባቢ አስጎብኚ አስፈላጊ ነው

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን ተነስተው አንኮበርን የሚጎበኙ ቤተሰቦችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በአንድ ቀን ደርሰው መመለስ ይችላሉ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከመቆርቆሯ አስቀድሞ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ይሁን እንጂ ዛሬ በኮረብታው ላይ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የሚታየው ጥቂት የግንብ ቅሪት በመሆኑ፣ አስረጂ ያላገኘ ጎብኚ፣ በተለይም ሕፃናት፣ ፎቶግራፍ ከመነሳት በቀር የሚያተርፉት እምብዛም ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ አስጎብኚ ግን ነገሥታቱ ይህን ገደላማ ስፍራ ለምን እንደመረጡ፣ ከታጁራ ወደብ የሚነሱ ሲራራ ነጋዴዎችም የአፋርን ቆላ አቋርጠው ከከተማዋ በታች ወዳለው የአልዩ አምባ ገበያ እንዴት ይደርሱ እንደነበር ቁልቁል እያሳየ ያስረዳል።

ስፍራው ብርድና ጭጋግ ስለማያጣው ወፍራም ልብስ መያዝ፣ ከመነሳት በፊትም የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ማጣራት ይገባል።